የወንድሜ ክንድና የታደሰ ምላስ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ዕለት አባዬ የመኪናውን መስታወት አንዱንም አላስወረዱኝም። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ቦሌ መግባት ስለነበረብን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው የተነሣነው። ለጎረቤታችን ለእትዬ ባፈና፣ ደሴ ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ ብያቸው ነበር። "ለደሴ ይኼን የሚያህል ሻንጣ?" አሉና ሻንጣዬን በዓይናቸው መዘኑት። በዚያን ጊዜ ጎረቤት የሚጠይቀው ተጨንቆ ይሁን ተልኮ አይታወቅም ነበር። ሳምኳቸውና ወደ መኪናው ገባሁ።

አባዬ ግማሹን መንገድ ነዱ። ከዚያ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ "ወንድወሰንን እንዳትመልሺው" አሉኝ፤ አሜሪካ የሚማረውን ወንድሜን። "ቢያለቅስም፣ ቢናፍቅም፣ ቢታመምም። ትምህርቱን ካቋረጠ ይመልሱታል፤ ከመለሱት ደግሞ እዚህ ማን እንደሚቀበለው ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ከውጭ የተመለሰ ተማሪ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ከእኛው መንገድ ሁለት ልጆች ለጥያቄ ትፈለጋላችሁ ተብለው ተወስደው የት እንደደረሱ የነገረን የለም። ስለ እኔ አባዬ ያሉት ነገር ቢኖር፣ "ሹራብሽን በእጅሽ ያዢ፣ አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል" ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው ናፍቆት አስቸግሮኝ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ባለው የሐበሻ ሠፈር፣ ፌርፋክስ ላይ የሚነገረው ታሪክ ስላስመረረኝ ነው። ጋሼ ታደሰ በየሠርጉና በየምርቃቱ ማይክሮፎን ሲጨብጥ፣ "ወንድወሰንን ያሳደግነው እኛ ነን፤ ኳስ ሲጫወት ከጎኑ ነበርን" ይላል። ወጣቶቹ ያጨበጭባሉ። እኔ አንቱ አልለውም፤ እኩያዬ ነው። ከጎኑ እንደነበረም አልክድም። በየትኛው በኩል ሆኖ እንደነበር ግን የሚያጨበጭቡት አያውቁም።

ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ ሁለቱ ናቸው፣ ወንድወሰንና ታደሰ። ወንድሜን ሁለት ዓመት ሳላየው ትከሻው በር የሚሞላ ሆኖ ጠበቀኝ። ታደሰ በሌላ ኮሌጅ ቢዝነስ የሚማር፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። መኪና የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ሁላችንም እሱ በፈለገው ሰዓት እንሄዳለን፣ እሱ በፈለገው ሰዓት እንመለሳለን። ሻንጣዬን ገና ሳልረከብ፣ "እሺ ስንዱ፣ ማን ማን ታሰረ?" አለኝ። እንደምን ነሽ አላለም።

"ደሴ ነበርኩ፣ አልሰማሁም" አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ወሬ እንዲህ ከራበው ይዞለት የሚሄድ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ያኔውኑ ልብ አልኩ።

ፌርፋክስ ያን ጊዜ የእኛ ስም አልተለጠፈበትም። የአይሁድ ዳቦ ቤቶችና የዓሣ መደብሮች፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሽማግሌዎች ሠፈር ነበር። በርበሬ በሰው ሻንጣ ካልመጣ የለም። እንጀራ የምንለው ከፓንኬክ ዱቄትና ከሶዳ ውኃ የሚጋገር፣ ወጡን ሳይነካው የሚፈራርስ ነገር ነው። ኅዳር ሲገባ ብርድ ብጠብቅ ሰዉ በቁምጣ ይሄዳል። ሰማዩ ጠዋትም ማታም አንድ ነው። ፊቱን የማይለዋውጥ ሰው አላምንም፣ ሰማዩንም አላመንኩትም።

ከዊልሸር ጎዳና ትንሽ ዝቅ ብሎ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። የቤቱ ባለቤት ሚስተር ክላይን ሚስቱ የሞተችበት፣ ታች ቤት ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ።

"እዚህ የሚኖረው ስንት ሰው ነው?"

"እኔና ወንድሜ።"

"ዛሬ ጠዋት ሰባት ሰው ሲወጣ አይቻለሁ።"

"እንግዶች ናቸው።"

"ሁለቱ በፒጃማ ነበሩ።"

"የቆዩ እንግዶች ናቸው" አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔም እሱን እጠብቃለሁ።

አባዬ የሚያከራዩአቸው ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ከአገር ቤት የሚላክልን ነገር ቆመ። ወንድወሰንን ያተረፈው እግሩ ነው። ፓሳዴና አጠገብ በምትገኝ ትንሽ ኮሌጅ ሲማር፣ የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኙ ሜዳ ዙሪያ ሲሮጥ አይቶት ኳስ አስያዘው። ቡድኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ትምህርቱ በነጻ ነው። አሠልጣኙ ስሙ ስለረዘመበት "ዌንዲ" ይለው ነበር። የሴት ስም መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

ቪዛው ሊያልቅ ሲል ዳውንታውን ኢሚግሬሽን ቢሮ አብሬው ሄድኩ። ሹሙ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"ይኼ ተማሪ ነው ይላል። ይኼ ደግሞ ኳስ ይዞ ይሮጣል ይላል። የቱ ነህ?"

"ሁለቱም" አለ ወንድወሰን።

"መሮጡን ቢያስተዉህስ?"

"እማራለሁ።"

"በምን?"

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ ማን ነሽ? አንቺም ትሮጫለሽ?"

"እኔ እጠብቀዋለሁ" አልኩት።

"ከማን?"

መልሱ ብዙ ነበር። እንግሊዝኛ አንቺና አንቱ አይለይም ይላሉ። ሰውዬው ግን በአንቺ እንደተናገረኝ በደንብ ገብቶኛል። ማኅተሙን የመታው የጨዋታው ወቅት እስኪያልቅ ለሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው። ቡድኑ ለሚቀጥለው ዓመት ከያዘው ኮሌጁ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ካልያዘው ግን ሻንጣውን ያዘጋጅ ተባልን። የወንድሜ ነፍስ በዚያች ኳስ ላይ እንደተንጠለጠለች ያን ቀን ገባኝ። ስለዚህ ኳሷን ማወቅ ነበረብኝ።

ያስተማረኝ ሚስተር ክላይን ነው። እሑድ እሑድ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ፉትቦል ያያል። ወንድወሰን የትከሻ መከላከያውን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ አይቶ ኖሮ፣ "ነይ፣ ወንድምሽ የሚሠራውን እይ" አለኝ። ምን ፈልጎ ነው ብዬ በሩን ክፍት አድርጌ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱም ቦርሳውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተ። በዚህ ተግባባን።

"ሰውየውን አትይ፤ ኳሱን እይ" አለኝ።

ጨዋታው ሲታይ ድብድብ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ዐሥር ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት። ከቻለ ሌላ አራት ይሰጠዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ጠላቱ ጫፍ ይደርሳል። ኳሷ እንደ ፓፓያ ሁለት ጫፏ የሾለ ነች። መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ብዙ የሄደ ያሸንፋል ብዬ ነበር። አንድ እሑድ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሄድ የዋለ ቡድን ተሸነፈ።

"ሚስተር ክላይን፣ እነዚህ እኮ ከሌሎቹ የበለጠ ሄደዋል።"

"ሦስት ጊዜ ኳስ ሰጡ።"

"ሰጡ ነው ወይስ ተወሰደባቸው?"

"ውጤት የሚጽፈው ሰው አይለየውም" አለ። ተርንኦቨር ይሉታል፤ ኳስን ለባላጋራ ማስረከብ።

እኔ ግን እለየዋለሁ። አንዱ አርቆ ወርውሮ ባላጋራ እጅ ይጥለዋል። ይኼኛው ቢያንስ ሩቅ ስለሚያርፍ ባላጋራው ረጅም መንገድ ይቀረዋል። ሌላው በገዛ ጫፉ አጠገብ ከብብቱ ይጥላል፤ ያ ነው የሚገድለው፣ ምክንያቱም ጠላት ሁለት እርምጃ ሄዶ ነጥብ ያገባል። ደግሞ ማንም የማያየውን አየሁ። ሲከላከሉ ቆይተው ገና ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ውኃ ሊጠጡ ያሉት ልጆች፣ ጓደኛቸው ኳስ በጣለ ቁጥር ተነሥተው እንደገና ይገባሉ። ፊታቸው፣ እንግዳ ሸኝታ ገና ወገቧን ልታሳርፍ ስትል ሌላ እንግዳ የመጣባት ሴት ፊት ነው። ቡድን የሚፈርሰው ከዚያ ፊት ነው። ነጥቡ ኋላ ይመጣል።

እኛ ቤት እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት ተማሪዎች "አብዮቱን ተነጠቅን፣ ተነጠቅን" ሲሉ እሰማ ነበር። የጣለ ሰው ሁሉ ተነጠቅሁ ነው የሚለው። ይህን ጮክ ብዬ ባልኩ ቀን ታደሰ፣ "ስንዱ ፖለቲካ ጀመረች" ብሎ ሳቀ።

ወንድወሰን መጀመሪያ ላይ ማንም አልደረሰበትም። ከዚያ ከታደሰ ኮሌጅ ጋር ሲጫወቱ ኳስ ጣለ፤ በዚያችው ኳስ ተሸነፉ። ቤት ሲመጣ እራቱን አልነካም። እኔ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ኳሱን የሚያቀብለውን ልጅ ጠረጠርኩ፣ ጫማውን ጠረጠርኩ፣ ሴት ልጅ ይዞ እንደሆነም ጠረጠርኩ። ለሚቀጥለው ጨዋታ ሚስተር ክላይን በመኪናው ፓሳዴና ወሰደኝ። በዓይኔ ላየው ፈለግሁ።

በግራ በኩል፣ በሜዳው ጠርዝ ሲሮጥ የባላጋራ ልጆች እሱን ትተው ቀጥታ ወደ ቀኝ ክንዱ መጡ። ኳሷ ወጣች፣ ነጠረች፣ ከነሱ አንዱ ተኛባት።

"ለምን ክንድ አይቀይርም?" አለ ሚስተር ክላይን ተናዶ። "በግራ ጠርዝ የሚሮጥ ሰው ኳሱን በግራ ክንዱ ይይዛል። የሚያባርሩት በቀኝ ነው። ይኼን ሕፃንም ያውቃል። እነሱ ደግሞ እንደማይቀይር አውቀዋል።"

"ማን ነገራቸው?"

"ማንም። የጨዋታ ፊልም ያያሉ።"

እኔ ግን ምክንያቱ ገባኝ። ወንድሜ ሲወለድ ግራኝ ነው። ፊደል ሲጀምር የኔታ ግራ እጁን በጨርቅ ከመቀነቱ ጋር አስረው ነው ያስተዉት። ከዚያ በኋላ በግራው እንጀራ አልቆረሰም፣ በግራው ዕቃ አልተቀበለም፣ ሰው አልጨበጠም። በግራ የሰጡት ነገር ስድብ ነው ተብሎ አድጓል። አሠልጣኙ "ቀይር" ሲለው "እሺ" ይላል፣ ከልቡ ነው የሚለው። እጁ ግን ከአሠልጣኙ በፊት የኔታን ሰምቷል።

ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ ጠርቶት፣ "ዌንዲ፣ አንድ ጊዜ ብትደግም ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ" አለው። የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር።

ቤት እንደገባን፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሁሉን ነገር በግራህ" አልኩት። "በሩን በግራህ ክፈት። ዳቦውን በግራህ ያዝ። ኳሷን በግራህ አቅፈህ ተኛ።"

"እንጀራውንም?"

"እንጀራውንም።"

"ሰው ያየናል፣ ስንዱ።"

"ይየን።"

እሑድ ምሳ ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት ወንድወሰን ግራ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ። ወሬው ቆመ። አንዱ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

"ምነው ወንዴ፣ ቀኝህን አመመህ?" አለ ታደሰ።

"አላመመኝም።"

"ታዲያ በሰው ፊት?"

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አልኩ።

"ልክ ነሽ" አለ፣ ወደ ሌሎቹ እየዞረ። "አሜሪካ የገባ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠፋበት ቀኝ እጁ ነው።"

ሳቁ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

"ታደሰ፣ የኔታ እጁን እንዳሰሩት ለማን ነው የነገርከው?" ይህን ታሪክ ወንድወሰን ቀደም ብሎ አንድ እሑድ እዚያው ማዕድ ላይ ለቀልድ ብሎ አውርቶት ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠው ታደሰ ነው።

"ለማን እነግራለሁ?"

"እሱን ነው የጠየቅሁህ።"

"አብሮኝ ለሚኖረው ልጅ፣ ለሩምሜቴ ነግሬው ይሆናል። እና? ቀልድ እኮ ነው። አገራችን ግራ እጅ ይታሰራል፣ ወንዴ በግራው ብርጭቆ እንኳ አይዝም አልኩት። ሳቅን፣ አለቀ።"

"ሩምሜትህ ምን ይሠራል?"

የጎረሰውን አኝኮ እስኪጨርስ ዓይኑን አላነሣም።

"ለኮሌጃችን ፉትቦል ይጫወታል" አለ።

ማንም አልሳቀም።

"ስንዱ፣ አሠልጣኛቸው ፊልም አለው። የኔ ወሬ ምን ይረባዋል?"

"ይሆናል" አልኩት። "ፊልሙን ግን እኔ ምሳ አላበላሁትም።"

ሹራቡን አንሥቶ ወጣ፤ በመኪናው የመጡትም ተከትለውት ወጡ። ፊልሙ ይሁን ምላሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚስተር ክላይን ፊልሙ ነው ብሎ እስኪሞት ተከራክሮኛል። ሆኖም ሰውን የማውቀው አፉን ሲዘጋ ነው፤ ታደሰ ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ከሜዳው ጀርባ ያለው ተራራ በበጋ እንደሚታየው የረር ቡናማ ሆኖ ቆሞ ነበር። ባላጋራዎቹ ከእኛዎቹ ይበልጣሉ፤ ይገዝፋሉም። የእኛው ወርዋሪ ገና ከመጀመሩ ኳሷን ለነሱ ልጅ ወርውሮ ሰጠ፣ ነጥብ አገቡ። ወንድሜን በሰው ጥፋት ሊያስቀጡት ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። እነሱ መሃል ሜዳውን አልፈው፣ ሊያገቡ ጥቂት ሲቀራቸው አንዱ ጣለ። ሌላ ጊዜ በገዛ ጫፋቸው አጠገብ ጣሉ፣ የእኛዎቹ ሁለት እርምጃ ሄደው አገቡ። ወንበር ላይ ገና የተቀመጡት ተከላካዮቻቸው ሲነሡ ፊታቸውን አየሁት፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ሦስተኛውን ወርውረው ሰጡን። ብዙ የሄዱት እነሱ፣ የሚመሩት ግን እኛዎቹ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ የእኛ ነበረች። ሌላ ነጥብ አያስፈልግም፤ ይዞ መቆየት ብቻ ነው። አሠልጣኙ ወንድወሰንን አስገባው። ለምን እሱን? ሊፈትነው ይሁን ሊያባርረው ሰበብ ፈልጎ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ነው ያመንኩት።

ኳሷን ተቀበለና በግራ ጠርዝ ሮጠ። ሦስት ልጆች ወደ ቀኝ ክንዱ መጡ። ኳሷ ግን እዚያ አልነበረችም። ሲያሻግራት እንኳ አላየሁም። ከመሬት ጋር አጋጩት፣ ሌሎች መጥተው ተከመሩበት፣ ከሥር ግን እጆች ሲጎትቱ ይታየኛል። እዚያ ክምር ውስጥ ኳስ ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው እንደሚሄድ ሚስተር ክላይን ነግሮኝ ነበር፤ ዳኛ የማያየው ቦታ ነው። ዳኛው አንድ በአንድ እየጎተተ አነሣቸው። ሚስተር ክላይን ክንዴን ጨብጦኝ ነበር፤ እኔም እንዲለቀኝ አላልኩም። የመጨረሻው ልጅ ሲነሣ ወንድሜ በሆዱ ተኝቷል፣ ግራ ክንዱ ከሥሩ ነው። ዳኛው ገለበጠው። ኳሷ እዚያው ነበረች።

"እነሱ ሦስት ሰጡ፣ እናንተ አንድ" አለ ሚስተር ክላይን። "ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።"

ሜዳው ላይ ወርጄ ስደርስ ታደሰ ቀድሞኝ ደርሷል። በየት በኩል ተቀምጦ ሲያይ እንደዋለ አላየሁትም። ወንድወሰንን አቅፎ፣ ካሜራ ለያዘው ልጅ "አንሣን" ይላል። ፌርፋክስ ላይ ለሰው ሁሉ የሚያሳየው ፎቶ ያ ነው። መሃል የቆመው ታደሰ ነው። የወንድሜ ግማሽ ፊት ተቆርጧል።

ኮሌጁ ደብዳቤውን ጻፈ። ያው ሹም አንብቦ፣ "አሁንም ይሮጣል?" አለና የአንድ ዓመት ማኅተም መታ። በዚያው ሳምንት ወደ አገር ቤት ስልክ አዘዝኩ። ያን ጊዜ ስልክ በኦፕሬተር ነው፤ ከሚስተር ክላይን ቤት ተቀምጬ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ። በመጨረሻ የአባዬ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ሆኖ።

"ልጁስ?" አሉ።

"አንድ ዓመት ተጨመረለት።"

"ማን ጨመረለት?"

"መንግሥት።"

"የማን መንግሥት?"

"የዚህ አገር፣ አባዬ።"

ዝም አሉ። በዝምታቸው ውስጥ መስመሩ ላይ ሌላ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ፣ አባዬ አልነበሩም። እሳቸውም የሰሙት መሰለኝ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ተመስገን" አሉ። ቀጥለውም፣ "አንቺስ?" አሉኝ።

ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ስለ እኔ ሲጠይቁኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔ ለራሴ ቪዛ ስል ከተመዘገብኩበት የታይፕ ትምህርት ቤት ከተሰረዝኩ ሰነባብቻለሁ። የወንድሜን ልምምድ፣ የወንድሜን ቢሮ፣ የወንድሜን ክንድ ስል ቀርቼ ቀርቼ ስሜን ከመዝገብ አውጥተውታል። በእኔ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚመታ ሰው አልነበረም። ይህን ለአባዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ያኛው ይተነፍሳል።

"እኔ ደህና ነኝ" አልኩ። "ምንም አልጎደለኝም።"

መስመሩ ተቋረጠ። ሚስተር ክላይን ከወጥ ቤቱ ብቅ ብሎ፣ "ደህና ናቸው?" አለኝ። "ደህና ናቸው" አልኩት።

ያን ቀን የመለስኩት ለሚተነፍሰው ሰው ነው። ለአባዬ የሚገባቸውን መልስ ግን ሳልሰጣቸው፣ ሌላ ስልክ ሳላገኝ አረፉ።